አት

ሰኞ ጠዋት በናሪን ማዶ፣ የከሰል ምድጃው ገና ሲያጨስ፣
መምህርት ሳይራኩል ጻፈች፦ «አት»። ማለትም ፈረስ።
ማለትም ደግሞ ስም። እዚያ አገር ቃሉ አንድ ነው፤
የሚጋልቡትም አት፣ የሚጠሩበትም አት ነው።

«ጃንቶሮ፣ ና። ‹የእኔ› የሚለውን ጭራ ቀጥልለት፣
ከዚያ በስድስቱ ሙያ እያረባህ ውረድበት።»
እርባታ ነው ሥራው፤ የስምም፣ የከብትም። ልጁ ወጣ፣
መዳፉ ላይ ገመድ የተወው ሰንበር፣ የትናንት ጣጣ።

«አትም»። ፈረሴ። ቃሉ ራሱ ባለቤት፤
ማንም አልጎተተው፣ ድርቆሹን ይበላል በገዛ በረት።
«አትምድን»። የፈረሴ። የፈረሴ ላብ፣ የፈረሴ ጋማ፣
የፈረሴ ግራ ጆሮ፣ ጫፏ የተቀደደች፣ ስጠራው ቀድማ የምትሰማ።
«አትማ»። ለፈረሴ። «መሄጃ» ይሉታል ይህን ሙያ፤
በረዶ ሰብሮ፣ ባልዲ አንጠልጥሎ፣ ጎሕ ሳይቀድ ወደዚያ።

እኛ «ለ»ን፣ «ከ»ን፣ «ወደ»ን ከፊት እንልካለን፣ እንደ ፊታውራሪ፤
እነሱ ቃሉን ያስቀድማሉ፤ ዕጣው ከኋላ ነው፣ ጭራው ላይ ቀሪ።
ጭራውን ሳይሰሙ አያውቁም፣ ፈረሱ ይምጣ ወይ ይሂድ።
ጠመኔው አራተኛው ላይ ቆመ። «አትምድ»።

ፈረሴን።
የእነሱ መጽሐፍ «ማግኛ» ይለዋል፤ የእኛው «ተሳቢ» ነው ለእውነቱ የቀረበ፤
ትናንት በአት ባሺ ገበያ፣ በእርግጥም፣ ተሳበ።
በጋው ሣር ነሣ፣ ድርቆሽ ተወደደ፣ አባቱ ሳድርቤክ እጅ ሰጠ፤
የኮችኮር ሰው ሶሙን በምራቅ ቆጠረ፤ ልጓሙ እጅ ለወጠ።
«አቲ ኪም?» አለ ገዢው። ስሙ ማን ነው? አባት ዝም፤
ከቀለሙ ሌላ አያውቅም። ልጁ ያውቃል። አልተነፈሰም።
ያኔ ገዢው ለገዛ ልጁ «አትታን!» አለው፤
ተፈናጠጥ ማለት ነው። «ከፈረስ» ማለትም ያው ነው።
አንዱ ልጅ የመጀመሪያውን ሰማ፣
ሌላው ሁለተኛውን።

ሰሌዳው ጋ ዝም ሲል ጊዜ፣ «እሺ፣ ‹የእሱ›ን ሞክር» አለችው፤
ባታውቅ ነው።
«አቲ»፣ ፈረሱ። «አትና»፣ ለፈረሱ። «አትን»፣ ፈረሱን።
«ይህ ‹ን› መሃል ምን አገባው?» አለች ከኋላ ኬሬዝ፣
«‹ለፈረሴ› ሲል አልነበረም» እያለች፣ እያነጻጸረች ጽሑፉን።
መምህርቷ መጽሐፉን ገለጠች። «ይገባል» ይላል፤ ምክንያት የለውም።
ጃንቶሮ ጠመኔውን አላስቀመጠም፦
«ገመድ ነው። የራስ ፈረስ ሲጠሩት ይመጣል፤
የሰው ፈረስ ግን ታስሮ ይሄዳል።»

(በእኛም «ፈረሱን» ስንል፣ አሰብኩ፣ ያቺው ገመድ፣ ያቺው «ን»።)

ሁለት ሙያ ቀርቷል። «መተኛ» አንዱ፣ «መውጫ» ሌላው፤
በፈረሴ ላይ፣ ከፈረሴ። አልነካቸው።
ከሰሌዳው ግርጌ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ያልተጠየቀውን ጻፈ፦
«አትምድን አቲ ሳትልጋን ጆክ።»
የፈረሴ ስም አልተሸጠም።

ያው ቃል ሁለት ጊዜ፤ መጀመሪያ የልጁ፣
ቀጥሎ የፈረሱ። ስሙን ያወጣው ልጁ ነው፤
ሰዋስዉ ግን ለፈረሱ ሰጠው።

ሳይራኩል ቀይ እርሳሷን አነሣች፣ ምድጃውን አየች፣
ከስድስት አራት ሰጠችው፤ ልክ ነች።
ሰሌዳውን ግን አልጠረገችም። የሒሳብ መምህሩ ገባ፣
ቆሞ አነበበ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣
ክፍልፋዮቹን ዳር ዳር ላይ
በትንንሹ ጻፈ።